የሩቅ አገር ወሬና የማድ ቤታችን ጉዳይ



በኩየራ ሁለት ሰዎች ለሰላምታ ቆመው ጥቂት ከቆዩ፣ ጨዋታው ከዝናምና ከድንች ዋጋ ተነሥቶ ወደ ዓለም ፖለቲካ መሻገሩ አይቀርም። ከተማችን ከሻሸመኔ በስተ ሰሜን፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ወሬ ጥሎባት ይሄዳል። ሾፌሩ ከሞጆ የሰማውን፣ ነጋዴው ከሐዋሳ ይዞት የመጣውን፣ ተማሪው ከእጅ ስልኩ ያነበበውን በአንድ የሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይዘረግፉታል። ከዚያ በኋላ ፍርድ ይጀመራል። አሜሪካ ይህን ማድረግ አልነበረባትም፤ ሩስያ ያን ብታደርግ ይሻላት ነበር፤ የዐረብ መንግሥታትም እንዲህ ቢመክሩ ኖሮ ነገሩ በአንድ ሌሊት ባለቀ ነበር ይባላል። ሻዩ ሲያልቅ ጉባኤው ይበተናል፤ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት እንደገና ይሰየማል።

ይህን የምናነሣው በሰዎቹ ለማፌዝ አይደለም፤ እኛም ከዚያው ጠረጴዛ የምንቀመጥ ነንና። ደግሞም «የሩቅ አገር ነገር ምን ያገባችኋል?» የሚል ቢኖር፣ ለመልሱ ከአርሲ ስንዴ አምራች የተሻለ ምስክር አይገኝም። የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም. የሩስያ ጦር በዩክሬን ላይ በዘመተ ጊዜ፣ ሁለቱ አገሮች ለዓለም ገበያ ብዙ ስንዴ የሚያቀርቡ፣ ሩስያም ከታላላቆቹ የማዳበሪያ ሻጮች አንዷ ስለ ሆነች፣ ኪየቭ በካርታ ላይ ወዴት እንዳለች የማያውቅ ገበሬ የማዳበሪያው ዋጋ ሲንር በዐይኑ አይቷል። እንደዚሁም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በፈቀደ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዶላር በእጁ ዳብሶ የማያውቅ መምህር ሱቅ ገብቶ የዘይት ዋጋ ሲጠይቅ የምንዛሪውን ትምህርት ያለ አስተማሪ ተማረው። ስለዚህ የዓለምን ነገር መከታተል ሥራ ፈትነት ነው ብለን አንፈርድም።

የሩቅ ሰው አስተያየት ከንቱ አለመሆኑንም የራሳችን ታሪክ ያስረዳል። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሲልቪያ ፓንክረስት የተባሉት እንግሊዛዊት ሴት ያንኑ ዕለት የያዘውን የመጀመሪያ እትም አውጥተው «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመሩ። በዚያን ጊዜ አገራችንን ገና በዐይናቸው አላዩም ነበር። ዳሩ ግን አሳባቸውን የሻይ ማጣፈጫ አላደረጉትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ጻፉ፤ ለባለ ሥልጣኖች አቤት አሉ፤ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ለተሠራው ሆስፒታልም ገንዘብ በመሰብሰብ ደከሙ። በኋላም በ1948 ዓ.ም. መጥተው በአዲስ አበባ ኖሩ፤ በመስከረም 1953 ዓ.ም. ሲያርፉም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። እኚህ ሴት ስለ ሩቅ አገር የነበራቸው አስተያየት ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን አስከፍሏቸዋል።

የእኛን አስተያየት ስንመረምረው ግን አንድ ነገር እናይበታለን። ከቤት በራቀ መጠን ይደፍራል፤ ወደ ቤት በቀረበ መጠን ድምፁ ይቀንሳል። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምክር የሚሰጠው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ የመዝገብ ቤቱ ጣራ እንደሚያፈስ ለአለቃው ለመናገር ሦስት ክረምት ይፈጅበታል። (ይህ ሰው አንባቢያችን ከሆነ እንዳይቀየመን፤ ጓደኞቹ ብዙዎች ናቸው።) ስለ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ጊዜ እንመለስበት ይሆናል። ዛሬ ግን ከመሥሪያ ቤቱም ይልቅ ቀርቦ፣ በጓዳችን በር በኩል ስላለው ሥራ ልንናገር እንወዳለን፤ ይኸውም የቤት ሠራተኛችን ጉዳይ ነው።

ወደዚህ አሳብ ያመጣን አንድ የጽዋ ማኅበር ነው። ጠበሉ ተቀምሶ፣ እንጀራው ተበልቶ፣ እንደ ልማዱ ወሬው ወደ ዐረብ አገር ሄደ። በዚያን ዕለት የተነሣው፣ በግንቦትና በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሊባኖስ በእኅቶቻችን ላይ የደረሰው ነበር። አገሪቱ በገንዘብ ውድቀት ላይ ሳለች የኮሮና በሽታ ተጨመረባት፤ ብዙ አሠሪዎችም ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ በቤይሩት ካለው ቆንስላችን ደጃፍ እያወረዱ ትተዋቸው ሄዱ። ከመካከላቸው ደመወዛቸው ለወራት ያልተከፈላቸው፣ ፓስፖርታቸው በአሠሪው እጅ የቀረባቸው ነበሩ። ሌላው ደግሞ የ2006 ዓ.ም.ን ነገር አነሣ፤ ከዚያ ዓመት ኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባረው መመለሳቸውን ያስታወሰ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ከፋላ ስለሚባለው ሥርዓትም ተነገረ፤ ሠራተኛይቱ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ መለወጥ፣ ከአገርም መውጣት የማትችልበት ሥርዓት መሆኑን አንዱ በሚገባ አስረዳ። ሁሉም እውነት ነበር፤ ቁጣውም የተገባ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲነገር አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ልጅ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ ትዞር ነበር። ፎጣው በትከሻዋ ላይ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ እጃቸውን እየታጠቡ «አንቺስ ልጄ፣ ዐረብ አገር መሄድ ያምርሻል እንዴ? ጉዱን ትሰሚያለሽ አይደለም?» አሏት። ልጅቱም ዐይኗን ከውኃው ሳታነሣ «እዚያ ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን አለ ይባላል፤ አባባ» አለች።

ከተቀመጡት መካከል ጥቂቶች ሣቁ። የቤቱ ጌታ አልሣቁም። እኛም ያን ቃል ይዘን ወደ ቤታችን ገባን፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀንም። ልጅቱ በደል ደረሰብኝ አላለችምና፤ ቀን የተቆረጠለት ደመወዝ በሩቅ አገር እንዳለ መስማቷን ብቻ ተናገረች። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት በማድ ቤት የተወለደ ነው፤ በሳሎን የተቀመጥነውንም ይመለከታል።

እዚህ ላይ ከታሪካችን አንድ ነገር ማንሣት ግድ ይሆንብናል፤ የሚያስደስት ባይሆንም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ከገባቻቸው ግዴታዎች አንዱ ባርነትን ለማስቀረት እንድትሠራ ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ። በጊዜው ብዙ መኳንንትና ባለ ርስቶች «የውጭ ሰው ስለ ቤታችን ምን ያውቃል? እኛ አሽከሮቻችንን እንደ ልጆቻችን እናሳድጋለን» ይሉ ነበር። ከዚያ ሙሶሊኒ መጣ። በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ በጄኔቭ ባቀረበችው ክስ ውስጥ ባርነትን አንድ ምክንያት አድርጋ አገራችን የሠለጠነ መንግሥት ማኅበር አባል ልትሆን አይገባትም አለች። ከሳሹ ሐሰተኛ እንደ ነበረ ዓለም ያውቃል፤ ለሰው ነጻነት የመጣ ሰው የመርዝ ጋዝ ጭኖ አይመጣምና። ነገር ግን ከሳሹ ሐሰተኛ ስለ ሆነ ነገሩ ሐሰት አልሆነም። መንግሥታችን ከስደት ሲመለስ ይህን ዐውቆ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር አዋጅ አወጣ። ጠላት ከተባረረ በኋላ የወጣ ስለ ሆነ ከሁሉ ይልቅ የሚያኮራን ይህኛው ነው።

የዛሬዪቱን የቤት ሠራተኛ ባሪያ ናት ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚያነብን አንባቢ ቢኖር ፊደሉን አልፎ አንብቦናል። ልንል የፈለግነው፣ «እንደ ልጃችን ናት» የሚለው ቃል ዕድሜው ረጅም መሆኑንና ከዚህ በፊትም ብዙ ነገር የተሸፈነበት መሆኑን ነው።

እስቲ ይህን ቃል እንመርምረው። ልጅቱ ከገጠር በዘመድ ወይም በደላላ እጅ ትመጣለች። የደመወዝ ነገር ሲነሣ «ምን ደመወዝ ደመወዝ ትላላችሁ፤ የቤታችን ልጅ አይደለችም እንዴ? ከበላነው ትበላለች፤ ከጠጣነው ትጠጣለች» ይባላል። መልካም። መስከረም ጠብቶ የቤቱ ልጆች ደብተር ሲገዛላቸው ደግሞ ለእርሷ አይገዛም፤ ለምን ቢባል «ሠራተኛ ናት እኮ፤ እርሷ ትምህርት ቤት ከዋለች ቤቱን ማን ይይዛል?» ይባላል። እንግዲህ ልጅነቷ ደመወዟን ያስቀርባታል፤ ሠራተኛነቷ ደግሞ ትምህርቷን ያስቀርባታል። ሁለት ስም ተሰጥቷት ከሁለቱም ጥቅም ያላገኘች ሰው እርሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። በአባቶቻችን ዘመን ገረድ ትባል ነበር፤ ዛሬ ይህ ስም እንደ ስድብ ተቈጥሮ የቤት ሠራተኛ ተብላለች። የስሙ መለወጥ መልካም ነው፤ ሰዓቱ ግን እምብዛም አልተለወጠም።

ስለ ሰዓቱ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ፤ የመምህርነት ልማድ አይለቅምና። በብዙ ቤት ልጅቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አትተኛም። ይህ 17 ሰዓት ነው። ለምግብ፣ ለቡና፣ ለጨዋታና ለአረፍታ በቀን 5 ሰዓት እንቀንስላት፤ ለጋስ ሆነን ነው የቀነስነው። 12 ሰዓት ይቀራል። በሳምንት 84 ሰዓት ይሆናል፤ እሑድ የለምና በሰባት እናባዛለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለፋብሪካም ለእርሻም ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት ብሎ የወሰነው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ በየሳምንቱም የማይቋረጥ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለው። በዝዋይ የአበባ እርሻ ጽጌረዳ የምትቆርጠው እኅቷ በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ናት። እርሷ ግን የለችበትም። አዋጁ ለግል አገልግሎት የሚቀጠሩትን ሠራተኞች ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ትቶ አልፏል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377ም እንዲሁ ትቶት ነበር። ዐሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ የተተወው ነገር እንደገና ተተወ ማለት ነው።

ይህን ስናይ አንድ ሌላ ነገር ይደንቀናል። በ2008 ዓ.ም. ስለ ውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923፣ ወደ ዐረብ አገር የምትሄደው ልጅ ዕድሜዋ ከ18 ዓመት እንዳያንስ፣ የሥራ ውሏ ተጽፎ በመንግሥት እንዲጸድቅ፣ ከሚቀበላትም አገር ጋር ስምምነት እንዲኖር አዝዟል። ደግ አደረገ። ከሪያድ አሠሪ ውል ጠየቅን፤ ከራሳችን ግን አልጠየቅንም። ከጄዳ የተመለሰች ሴት በአዳማ ወይም በሻሸመኔ ብትቀጠር ያለ ወረቀት፣ በቃል ብቻ ትገባለች፤ ምናልባትም የደመወዟን ልክ የነገራት ደላላው ይሆናል።

ሆኖም ሕግ ጨርሶ የለም ብሎ የሚያመካኝ እንዳይኖር፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአሠሪው ጋር በአንድ ቤት ስለሚኖር ሠራተኛ የተናገረው አለ። አሠሪው ስለ መኖሪያው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍት ሰዓቱ የሠራተኛውን ጤናና ጠባይ የሚጠብቅ ተገቢ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት ይላል። ሰዓቱን በቁጥር አልወሰነውም፤ ለአሠሪው ኅሊና ትቶታል። ሕግ ለኅሊና የተወው ነገር ደግሞ በተለይ በእንደዚህ ያለው መጽሔት አንባቢዎች ቤት ሊከበር ይገባ ነበር። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ ተያዘባቸው የአጫጆች ደመወዝ ምን እንደ ጻፈ ለእናንተ መንገር ለቀዳሽ ቅዳሴ ማስተማር ይሆናል።

ከዚሁ ጋር የበዓላችንንና የጾማችንን ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ደግ አይሆንም። በዓል ሲሆን እኛ ከሥራ እናርፋለን፤ እርሻው ይቆማል፤ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል። የልጅቱ ሥራ ግን በዓል ሲሆን እጥፍ ይሆናል። ሌሊቱን ሽንኩርት ስትከትፍ ታድራለች፤ ዶሮው 12 ብልት ሆኖ እስኪወጣ ትቆማለች፤ እኛ ከቅዳሴ ስንመለስ ቡናው መፍላት አለበት፤ እንግዳ ሲመጣ ትነሣለች፤ ሲሄድ ታጥባለች። ቅዳሴውን የት ሆና ሰማችው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በዐቢይ ጾምም እንደዚሁ ነው። የቤቱ ሰዎች እስከ 9 ሰዓት ሲጾሙ ዐርፈው ነው፤ እርሷ ግን እየጾመች ሕፃናቱን ቁርስ ታበላለች፤ ልብስ ታጥባለች፤ ሽሮውን ትሠራለች። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጾም አለ። ስለ ዓለም ሠራተኞች መብት በሚከራከር ቤት ውስጥ ይህን ማየት ከባድ አይደለም፤ ዞር ብሎ ወደ ጓዳ መመልከት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ዶላሩ እንመለስ። የዋጋውን መናር ያየን የመንግሥት ሠራተኞችና መምህራን ሁሉ «በድሮ ደመወዝ በዛሬ ገበያ እንዴት ይኖራል?» ብለን ጮኸናል፤ ጩኸታችንም ልክ ነበር። ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ የደመወዝ ጭማሪ ተደርጓል፤ አይበቃም የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ነን። ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በዶላሩ ምክንያት ደመወዛችን ሊጨመር ይገባል ካልን፣ በ2014 ዓ.ም. በተስማማችበት ደመወዝ እስከ ዛሬ የምትሠራው የቤታችን ሠራተኛ ለሣሙናዋ፣ ለጫማዋ፣ ወደ እናቷም ለምትልከው የምትከፍለው በየትኛው ምንዛሪ ነው? የስንዴውን ዋጋ ከኪየቭ እስከ አርሲ ተከታትሎ ማስረዳት የሚችል ሰው ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ሊከታተለው አያቅተውም። በእኛ ግምት የዓለም ፖለቲካ ዕውቀታችን የሚፈተነው በዚህች አጭር መንገድ ላይ ነው።

«ይህ የእመቤቲቱ ጉዳይ ነው፤ እኛ ወንዶቹ ምን አገባን?» የሚል አባወራ እንዳለ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ወይዘሮዋ አስተማሪ ወይም ነርስ ወይም ነጋዴ ሆና ጠዋት ከቤት የምትወጣው ልጅቱ ስላለች ነው። አባወራውም ቡናው ፈልቶ፣ ልብሱ ተተኩሶ፣ በሻይ ቤት ስለ ዓለም የሚያወራበት ጊዜ ያገኘው በእርሷ ሥራ ነው። የሁለት ሰው ደመወዝ በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለ ሥራ የማን ጉዳይ እንዳልሆነ መናገር ይቸግራል።

በሌላም በኩል የአሠሪዎቹን ቅሬታ አንንቅም። የመቂ ወይም የሻሸመኔ እናት «አስተምሬ፣ ምድጃ ለኩሶ ማጥፋት አሳይቼ፣ ሥራ ስትለምድ ደላላ መቶ ብር ጨምሮ ወሰዳት» ስትል እውነቷን ነው። ሳትናገር ሌሊት የጠፋች አለች፤ ዕቃ ይዛ የጠፋችም አለች፤ ሕፃኑን ብቻውን ትታ የሄደችም አትጠፋም። እነዚህ ነገሮች እናትን ያሳምማሉ። ይሁን እንጂ ደላላው ኃይሉን ከየት እንዳገኘው እንጠይቅ። ውል የለም፤ የጭማሪ ቀን አይታወቅም፤ የዕረፍት ቀን የለም። እንግዲህ ልጅቱ ኑሮዋን ለማሻሻል ያላት መንገድ ቤት መለወጥ ብቻ ይሆናል፤ ደላላውም የሚኖረው በዚያ መንገድ ላይ ቀረጥ እየሰበሰበ ነው። ደመወዟ በየዓመቱ በቀኑ የሚጨመርላት ሠራተኛ በመቶ ብር አትነቀልም፤ ብትሄድም ተናግራ ትሄዳለች።

ሁለተኛው ቅሬታ የድህነት ነው። «እኛ ራሳችን ወሩን በብድር የምንጨርስ ሰዎች ከየት አምጥተን?» ይባላል። ይህም እውነት ነው፤ የመምህር ኪስ ምን እንደሚመስል ከእኛ የሚደበቅ አይደለም። ዳሩ ግን ከዘረዘርናቸው ነገሮች ብዙዎቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ደመወዙ ትንሽ ቢሆን እንኳ የሚከፈልበት ቀን መታወቁ ምን ያስከፍላል? «እናስቀምጥልሽ» እያሉ ከማጠራቀም በየወሩ በእጇ መስጠት፣ ወይም ዕድሜዋ ከደረሰ በስሟ የባንክ ደብተር ማውጣት ወጪ የለውም። «እናስቀምጥልሽ» የተባለ ገንዘብ በቤት ችግር ጊዜ መበደሩን፣ የተበደረውም እየተረሳ መሄዱን ያላየ ሽማግሌ በሠፈራችን የለም፤ ስንት ጊዜ ለዕርቅ ተቀምጠንበታል። የሚዘጋ በር ያለው መኝታም እንደዚሁ ነው። ሳሎን ወለል ላይ፣ የወንድ እንግዳ በሚያድርበት ቤት፣ የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ማስተኛት ምን ማለት እንደ ሆነ የሴት ልጅ ወላጆች ሁሉ ስለሚረዱት አናብራራውም። ስትታመም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ በወር አንድ ጊዜ ለእናቷ ስልክ እንድትደውል መፍቀድ፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን፣ እርሷ በመረጠችው መንገድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ወደ ዘመድ እንድትሄድ ማሰናበት፣ ይህ ሁሉ ከገንዘብ ይልቅ ልማድ መለወጥ የሚጠይቅ ነው።

ስለ ዕድሜም አንድ ቃል። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ከልክሏል። በየቤቱ የዐሥራ ሁለትና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጆች ሕፃን አዝለው የምናያቸው ለምንድን ነው ቢባል፣ «ዘመድ ናት፤ ላሳድጋት አምጥቻት ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ሊያሳድጓት ያመጧት ልጅ በመስከረም መጀመሪያ ሰኞ ከቤቱ ልጆች ጋር ደብተር ይዛ ትወጣለች። ካልወጣች ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

ያደጉት ደግሞ የማታ ትምህርት አላቸው። እኛ በምናስተምርበት የማታ ክፍል ከሚቀመጡት ሴቶች ልጆች ብዙዎቹ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ገና በ12 ሰዓት ክፍል ሲገቡ እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ ሩብ ሰዓት ዘግይተው የሚገቡት እራት ሠርተው ስለሚወጡ ነው። ጥር አካባቢ ቁጥራቸው መቀነስ ይጀምራል፤ ጥምቀትና ሠርግ የሚበዛበት ወር ስለ ሆነ እንግዳ ይበዛል፤ ልጅቱም ሁለት ሳምንት ትቀራለች፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ይርቃታል፤ ትተወዋለች። በሒሳብ የሚሻሉን ተማሪዎች ከእነርሱ መካከል መሆናቸውን ብንናገር አድልዎ እንዳይባልብን እንሰጋለን፤ ነገር ግን የገበያ መልስ በየቀኑ ለእመቤት የምታስረክብ ልጅ መደመርና መቀነስ አያስቸግራትም። ትምህርቱን ያስተዋት አእምሮዋ አይደለም፤ የእራቱ ሰዓት ነው።

በዚህ ነገር ላይ ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ጋር ባለፈው ወር ተነጋግረን ነበር። ሰውዬው በሻይ ቤቱ ጉባኤ ከታወቁት ተናጋሪዎች አንዱ ናቸው፤ የመካከለኛውን ምሥራቅ ነገር ሲተነትኑ ሰው ዝም ብሎ ያዳምጣቸዋል። «እራቱ ከ1 ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ቢገፋ ምን ይሆናል?» ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት አሰቡና «ልጆቹ ሳይበሉ ይተኛሉ» አሉ። «ለልጆቹስ እርስዎ ወጡን አሙቀው ቢያቀርቡላቸው?» አልናቸው። በረዥሙ ተነፈሱ፤ ከእስራኤልና ከዐረቦች ጉዳይ ይልቅ ይህ ከበዳቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ልጅቱ ማክሰኞና ሐሙስ ክፍል ስትገባ እናያታለን። በቀሩት ቀናት ገና እየተነጋገሩበት መሆኑን ነግረውናል።